የሞልዶቫና የጆርጂያ ምርጫ፦ የአውሮፓን መንገድ የሚወስነው ሕገ መንግሥቱ ነው ወይስ የምክር ቤቱ ወንበር?

ጣና ዳር

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። በሴፕቴምበር 2025 ሞልዶቫ ውስጥ የተካሄደውን የምክር ቤት ምርጫ ብዙዎቻችሁ በዜና ሰምታችኋል። ለማስታወስ ያህል፣ አውሮፓን የሚደግፈው የፕሬዚዳንት ማያ ሳንዱ ፓርቲ «ፓስ» ከ50 በመቶ ትንሽ ከፍ ብሎ ከ101 መቀመጫዎች 55ቱን ወስዷል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የኢጎር ዶዶን ሶሻሊስቶችና ኮሚኒስቶቹ የተሰባሰቡበት፣ ወደ ሩሲያ የሚያደላው የአርበኞች ጥምረት በ24 በመቶ ድምጽ 26 ወንበር አግኝቷል። የቀሩትን 20 ወንበሮች ሦስት ቡድኖች ተካፍለዋቸዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይህን ክር የከፈትኩት ሞልዶቫን ከካውካሰሷ ጆርጂያ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠን እንድናያት ነው። ሁለቱ አገሮች ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የአጋርነት ስምምነት የፈረሙት በአንድ ቀን፣ ጁን 27 ቀን 2014 ነው። የአባልነት ማመልከቻ ያስገቡትም ዩክሬን በተወረረች በሳምንቱ፣ ማርች 3 ቀን 2022፣ አሁንም በአንድ ቀን ነው። ሁለቱም ከሶቪየት ኅብረት የወጡ ትንንሽ አገሮች ናቸው። ሁለቱም የሩሲያ ወታደር የሰፈረበት፣ የራሳቸው መንግሥት የማያዝበት መሬት አላቸው፤ ሞልዶቫ ትራንስኒስትሪያን፣ ጆርጂያ ደግሞ አብካዚያንና ደቡብ ኦሴቲያን። እንዲህ እኩል ሲራመዱ የነበሩ አገሮች በአንድ ዓመት ልዩነት ምክር ቤታቸውን መረጡና መንገዳቸው ተለያየ።

የጆርጂያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 78 ተመልከቱ። የመንግሥት አካላት በሙሉ አገሪቱን ወደ አውሮፓ ኅብረትና ወደ ኔቶ ለማስገባት በሥልጣናቸው ያለውን ሁሉ እንዲያደርጉ ያዛል። አንቀጹ ዛሬም በቦታው አለ፤ የሰረዘው የለም። ሆኖም በኦክቶበር 2024 ምርጫ «የጆርጂያ ህልም» ፓርቲ በይፋዊው ውጤት 54 በመቶ ገደማ አግኝቶ ከ150 ወንበሮች 89ኙን ያዘ። ኖቬምበር 28 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢራክሊ ኮባኪድዜ የአባልነት ድርድር እስከ 2028 መጨረሻ ድረስ በአጀንዳ እንደማይያዝ አስታወቁ። ከኅብረቱ የሚመጣውን የበጀት ድጋፍም እንደማይቀበሉ ጨመሩበት። የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ግን ከአሥር ጆርጂያውያን ስምንቱ ገደማ አውሮፓን ይፈልጋሉ።

ወደ ሞልዶቫ ስንመጣ፣ በኦክቶበር 2024 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ አባልነቱ በሕገ መንግሥቱ የአገሪቱ ግብ ሆኖ እንዲጻፍ የደገፈው 50.35 በመቶ ብቻ ነበር። ልዩነቱ ከ11 ሺህ ድምጽ ያነሰ ነው። ያን ቃል ከሕገ መንግሥቱ ለማውጣት ከ101 እንደራሴዎች ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 67ቱ ያስፈልጋሉ። ቃሉን በመጽሐፉ ውስጥ ትቶ መንግሥቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ለመንዳት ግን 51 እንደራሴ ይበቃል። ከጆርጂያ የተማርነው ይህን ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም እንዲህ ነው። የአንድ አገር የአውሮፓ ግንኙነት የሚጸናውም የሚፈርሰውም በምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር ነው። ውል፣ ሕዝበ ውሳኔ፣ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ሁሉ በዚያ አብላጫ ፈቃድ ሥር ያሉ ናቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሰላማዊት ዘቦሎኛ

ጣና ዳር ያልከውን ከዚህ ከጣሊያን ሆኜ በቅርብ አይቼዋለሁ። ጣሊያን ውስጥ አረጋውያንን ከሚንከባከቡት ሴቶች ብዙዎቹ ሞልዶቫውያን ናቸው። እኔ የማገለግላቸው እናት በሚኖሩበት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ አንዲት የሞልዶቫ ሴት ባዳንቴ፣ ማለትም ተንከባካቢ ሆና ትሠራለች። የምርጫው ዕለት እሑድ ነበር፤ የዕረፍት ቀናችን ነው። እስከ ምርጫ ጣቢያው አብሬያት ሄድኩ። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ የእግረኛውን መንገድ ይዞ ነበር። አብዛኞቹ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ የሚንከባከቧቸውን አዛውንት በተሽከርካሪ ወንበር ይዘው መጥተዋል፤ የሚተካቸው ሰው ስላላገኙ ነው።

ወረቀቱ ረጅም ነው፤ ከሃያ በላይ ተወዳዳሪዎች አሉበት። ምልክት የሚደረገው በእስክሪብቶ አይደለም፤ ክብ ማኅተም ይሰጣቸውና የመረጡት ፓርቲ ትይዩ ይመታሉ። ያን ዕለት ሮምና ጀኖቫን ጨምሮ በውጭ አገር ባሉ አንዳንድ ጣቢያዎች ቦንብ ተጠምዷል የሚል የሐሰት ማስፈራሪያ ደርሶ ነበር። እኛ ቆመን ሳለን ወሬው በስልክ ደረሰ። ከሰልፉ ወጥታ የሄደች ሴት አላየሁም።

ጎረቤቴን «ለመሆኑ ለምን ይህን ያህል ትደክሚያለሽ? አንቺ እኮ እዚህ ነሽ» ብዬ ጠየቅኳት። እናቷ በሰሜን ሞልዶቫ አንድ መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለት ልጆቿን ያሳደጉላት እሳቸው ናቸው። አንዱ ልጇ ሮማኒያ፣ አንዱ ጀርመን ነው። «አገሬ አውሮፓ ከገባች እኔ ልመለስ እችላለሁ፤ ካልገባች ግን እናቴን ለመቅበር ብቻ ነው የምመለሰው» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔም ከእናቴ ከራቅኩ ቆይቻለሁ።

ይህን የምጽፈው ለማሳዘን ብዬ አይደለም። የሞልዶቫን ምርጫ በአብዛኛው የወሰኑት እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ናቸው። የአገር ውስጡ ድምጽ ብቻ ቢቆጠር «ፓስ» ግማሹን አይሞላም ነበር። በ2024ቱ ሕዝበ ውሳኔም በአገር ውስጥ ያሸነፈው «አይሆንም» ነበር፤ ውጤቱን የገለበጠው ከውጭ የመጣው ድምጽ ነው።

ጠያቂው

የሕግ ተማሪ ነኝ፤ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሳንዱ በኖቬምበር 2024 በ55 በመቶ ድምጽ ዳግም ተመርጠዋል። ሥልጣናቸው ላይ ናቸው። ታዲያ ምክር ቤቱ ከእጃቸው ቢወጣ ምን ይጎድልባቸዋል? ከብራሰልስ ጋር የሚነጋገሩት ፕሬዚዳንቷ አይደሉም እንዴ?

ጣና ዳር

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ሞልዶቫ ፓርላማዊ ሪፐብሊክ ናት። ፕሬዚዳንቷ አገሪቱን በውጭ ይወክላሉ፤ ሕግ አንድ ጊዜ ወደ ምክር ቤት መመለስ ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ብዙ ሥልጣን የላቸውም። መንግሥት የሚያቆመው ምክር ቤቱ ነው፤ ድርድሩንም የሚያካሂደው መንግሥቱ ነው።

የአባልነት ድርድር ሲባል ደግሞ ሁለት ወገኖች ተቀምጠው የሚከራከሩበት ስብሰባ አድርገህ አታስበው። 35 ምዕራፎች አሉት፤ በስድስት ክፍል ተመድበዋል። የፍርድ ቤት ነጻነት፣ የመንግሥት ግዢ፣ የወተትና የሥጋ ጥራት ቁጥጥር፣ የባንክ ቁጥጥር፣ የቆሻሻ አወጋገድ፣ ሁሉም አለበት። አገሪቱ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ሕጓን ከኅብረቱ ሕግ ጋር ማስማማት አለባት። ያ ማለት በየሳምንቱ ረቂቅ ወደ ምክር ቤት ይገባል፤ በየሳምንቱ 51 እጅ ያስፈልጋል ማለት ነው። ኅብረቱ ለ2025 እስከ 2027 ለሞልዶቫ የመደበው እስከ 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ የዕድገት ድጋፍም አብዛኛው የሚለቀቀው ማሻሻያዎቹ ሲፈጸሙ ደረጃ በደረጃ ነው። አብላጫው ከጠፋ ሕጉ ይቆማል፤ ሕጉ ከቆመ ገንዘቡም ይቆማል። ይህን ሁሉ ለማድረግ «ከአውሮፓ ወጣሁ» ብሎ ማወጅ አያስፈልግም።

አውሮፓን የምትደግፍ ፕሬዚዳንት ብቻዋን ምን ልታደርግ እንደምትችል ለማየት ደግሞ ወደ ጆርጂያ ዋና ከተማ ወደ ትብሊሲ ተመለስ። በሜይ 2024 የጆርጂያ ምክር ቤት ከበጀታቸው ከ20 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችና መገናኛ ብዙኃን የውጭ ኃይልን ጥቅም አስፈጻሚ ተብለው እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ሳሎሜ ዙራቢሽቪሊ ሜይ 18 ድምጽን በድምጽ የመሻር ሥልጣናቸውን ተጠቅመው ሕጉን ተቃወሙ። ምክር ቤቱ ሜይ 28 ሽረቱን ሽሮ ሕጉን አጸደቀ። አሥር ቀን ብቻ ነው ያዘገዩት። በዲሴምበር ደግሞ 300 አባላት ያሉት መራጭ ጉባኤ ብቸኛውን እጩ፣ የቀድሞውን እግር ኳስ ተጫዋች ሚኬይል ካቬላሽቪሊን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ዙራቢሽቪሊ ምክር ቤቱን ሕጋዊ አይደለም እያሉ ዲሴምበር 29 ቤተ መንግሥቱን ለቀው ወጡ።

ሚዛን

ከፍራንክፈርት ነው የምጽፈው። የጣና ዳርን ዋና ሐሳብ አልቃወምም። ሞልዶቫን የዴሞክራሲ ሞዴል አድርገን፣ ጆርጂያን የጥፋት ምሳሌ አድርገን ከማስቀመጣችን በፊት ግን የምርጫውን አካሄድ እንመልከት።

ድምጽ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለት ፓርቲዎች ከውድድር ተሰረዙ። አንደኛው የኢሪና ቭላህ «የሞልዶቫ ልብ» ነው፤ የአርበኞች ጥምረት አባል የነበረ። በሩሲያ በመቶ ሺህ የሚገመቱ ሞልዶቫውያን እንዳሉ ይነገራል፤ በዚያች ሰፊ አገር የተከፈተላቸው ጣቢያ ሁለት ብቻ ነው። በጣሊያን ከሰባ በላይ ተከፍቷል። ለትራንስኒስትሪያ ነዋሪዎች 12 ጣቢያ ተሰጣቸው፤ ቀደም ባለው ዓመት 30 ነበር። ያ ሁሉ ድምጽ ቢጨመር ውጤቱ ይገለበጥ ነበር አልልም። ነገር ግን አንድ ዜጋ የትም ይኑር የት ድምጹ እኩል ነው ብለን የምናምን ከሆነ ይህ ሊያሳስበን ይገባል። ብራሰልስ ሌላ አገር ላይ ቢያየው ኖሮ በብርቱ የሚወቅሰውን ነገር እዚህ በዝምታ አልፎታል። ለአውሮፓ የሚመች ውጤት ስለመጣ የሂደቱን ጉድለት ማለፍ ነገ የሚከፈል ዕዳ ነው።

አባይ ማዶ

ሚዛን፣ ያነሳኸው እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ታዛቢዎቹ ምርጫው ፉክክር የነበረበትና መራጩ ግልጽ አማራጭ ያገኘበት መሆኑን ገልጸዋል። በዚያው መግለጫ ከውጭ የመጣ ጣልቃ ገብነት፣ ሕገ ወጥ ገንዘብና የተቀነባበረ የሐሰት መረጃ ምርጫውን እንደጎዳው ተናግረዋል። ጉዳዩ ድንገት የመጣም አይደለም። እስከ 2014 መጨረሻ ባሉት ዓመታት ከሦስት የሞልዶቫ ባንኮች አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተዘርፏል፤ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት አንድ ስምንተኛ የሚሆን ገንዘብ ማለት ነው። በዚህ ወንጀል የተፈረደበት ኢላን ሾር ዛሬ ሞስኮ ተቀምጦ ለድምጽ ገዢዎች ገንዘብ እንደሚልክ የሞልዶቫ ፖሊስ ደጋግሞ አሳይቷል። በደቡብ ሞልዶቫ ያለችው የራስ ገዝ ግዛት የጋጋውዚያ አስተዳዳሪ የነበሩት ኤቭጌኒያ ጉጹል በኦገስት 2025 ሰባት ዓመት የተፈረደባቸው ከሩሲያ ለሾር ፓርቲ ገንዘብ አስገብተዋል ተብለው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድምጽን በገንዘብ የሚገዛ ፓርቲ በምርጫ ወረቀቱ ላይ እንዲቆይ መፍቀድ ለድሃው መራጭ ክብር መስጠት ነው? እኔ አይመስለኝም። በሩሲያ ሁለት ጣቢያ ብቻ መክፈታቸውን ግን እኔም አልወደድኩትም።

ጡረተኛው መሐንዲስ

ልጆች፣ ስለ መቀመጫ ብዛት ብዙ ተባለ። እኔ ዕድሜዬን በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ መብራቱ ልናገር። ሞልዶቫ ለምን ይህን ያህል ዓመት ወደ ሩሲያ ተጎትታ እንደኖረች የሚያስረዳው መብራቱ ነውና።

ኩቹርጋን የሚባል ትልቅ የኃይል ማመንጫ አለ። ሶቪየቶች የሠሩት ነው። የሚገኘው የሞልዶቫ ዋና ከተማ ኪሺናው በማታዝበት በትራንስኒስትሪያ ነው። የሚሠራው በሩሲያ ጋዝ ነበር። ትራንስኒስትሪያ ለጋዙ ገንዘብ አትከፍልም፤ ዕዳው ይቆለላል። ከጋዙ የሚመነጨውን መብራት ግን ለቀሪው ሞልዶቫ በርካሽ ትሸጣለች፤ በዚያ ገቢ አስተዳደሯን ታኖራለች። ከሮማኒያ የሚመጣው ከፍተኛ መስመር እንኳ በዚያው በኩቹርጋን በኩል ነበር የሚያልፈው። ቆጣሪህ ከተጣላህ ጎረቤትህ ግቢ ውስጥ ተተክሎ መኖር ማለት ነው። በፈለገ ጊዜ ያጠፋብሃል፤ ስለዚህ ስትናገርም ድምጽህን ዝቅ ታደርጋለህ።

አሁን የተለወጠውን ተመልከቱ። በማርች 2022፣ ጦርነቱ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ የዩክሬንና የሞልዶቫ የመብራት መረብ ከአውሮፓው መረብ ጋር ተገናኘ። እንዲህ ያለ ሥራ በሰላሙ ጊዜ እንኳ ዓመታት የሚወስድ ነው፤ የሠሩት ባለሙያዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ከዚያ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በዩክሬን በኩል የሚያልፈው የሩሲያ ጋዝ ቆመ፤ የሩሲያው የጋዝ ኩባንያ ጋዝፕሮምም ዕዳ አለባችሁ ብሎ ለሞልዶቫ መላኩን አቋረጠ። ትራንስኒስትሪያ በክረምት መካከል ያለ ማሞቂያና ያለ ሙቅ ውኃ ቀረች። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ሰው ቤቱን በማገዶ ያሞቅ ጀመር። በኪሺናው በኩል ያለው ሞልዶቫ ግን መብራቱን ከሮማኒያ በውድ ዋጋ እየገዛ ቆየ። አልጨለመም። የአውሮፓ ኅብረት ለኃይል ወጪው ድጋፍ ሰጠ። ከቩልካነሽቲ ወደ ኪሺናው በቀጥታ የሚሄድ፣ ኩቹርጋንን የማይነካ ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመርም በ2025 እየተዘረጋ ነበር።

ይህ ከምርጫው ጋር ምን ያገናኘዋል? ተቃዋሚዎቹ የቀሰቀሱት በዋጋው ነበር፦ «አውሮፓ ብለው ሒሳባችሁን ሦስት እጥፍ አደረጉት» እያሉ። እውነትም ዋጋው ከፍቷል፤ ጡረተኛ በክረምት ከደመወዙ ብዙውን ለማሞቂያ ይከፍላል። ይህን ቅሬታ የሞስኮ ፕሮፓጋንዳ ብቻ አድርጎ ማጣጣል በደል ነው። «ፓስ» በ2021 ካገኘው 63 ወንበር ወደ 55 የወረደው ከዚህም የተነሳ ይመስለኛል። ቀጣዩ ምክር ቤት መስመሩን ጨርሶ ዋጋውን ካላወረደ በ2029 ሌላ ውጤት ሊመጣ ይችላል።

ሰላማዊት ዘቦሎኛ

ጋሼ፣ ስለ መብራቱ ከዚህ በላይ ያስረዳኝ ማንም አልነበረም፤ እናመሰግናለን። ጎረቤቴም ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ አብዛኛው ለማሞቂያ እንደሚሄድ ነግራኛለች። የገንዘብ ነገር ከተነሳ፣ ሞልዶቫ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በአውሮፓ የጋራ የዩሮ ክፍያ ሥርዓት ውስጥ ገብታለች። እስከዚያ ድረስ በአስተላላፊ ድርጅት ስትልክ ኮሚሽን ትከፍል ነበር፤ ወይም በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ትልክ ነበር። ከአውሮፓ ጋር መቀራረብ ማለት ለእሷ ይህ ነው፤ በየወሩ ከእናቷ ገንዘብ ላይ የማይቆረጥ ኮሚሽን።

ወለተ ማርያም

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የተናገረ ስለሌለ ልጨምር። ከሞልዶቫ ሕዝብ አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ለሁለት የተከፈለ ነው። ትልቁ የኪሺናው ሀገረ ስብከት ከሞስኮ ፓትርያርክ ሥር ነው፤ የቤሳራቢያው ሀገረ ስብከት ከሮማኒያ ፓትርያርክ ሥር ነው። በሞስኮ ሥር ያሉት ገናን እንደኛው ጃንዋሪ 7 ያከብራሉ። መንግሥት ዲሴምበር 25ንም ጃንዋሪ 7ንም የዕረፍት ቀን አድርጓቸዋል፤ በአንድ መንደር ሁለት ገና ይከበራል።

በምርጫው ሰሞን በብዙ መንደሮች «አውሮፓ ከገባችሁ ሃይማኖታችሁ ይጠፋል» የሚል ስብከት ይሰማ ነበር። ጆርጂያ ውስጥም የገዢው ፓርቲ ቅስቀሳ በዚሁ ላይ የቆመ ነበር፤ ምክር ቤቱ ከምርጫው ጥቂት ሳምንታት በፊት በ«ቤተሰብ እሴቶች» ስም ሕግ አጽድቋል። ስለ ሃይማኖቴ እንደማንኛውም ምእመን እቆረቆራለሁ። ሮማኒያ፣ ቡልጋሪያና ግሪክ ግን የኅብረቱ አባላት ናቸው፤ ገዳሞቻቸውም አልተዘጉም። ካህን በዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ ለፓርቲ ሲቀሰቅስ የሚጎዳው መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ነው።

ተማሪው ከዋርሶ

ፖላንድ የኅብረቱ አባል ከሆነች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ የጣና ዳር ሐሳብ ግን እዚህም ሠርቷል። የፍርድ ቤቶችን ነጻነት ተጋፍቷል በተባለው በቀድሞው መንግሥት ጊዜ ኅብረቱ ገንዘቡን ይዞ ነበር። በኦክቶበር 15 ቀን 2023ቱ ምርጫ 74 በመቶ የሚሆን መራጭ ወጣ። ቭሮስዋፍ ከተማ ውስጥ ያጎድኖ በሚባል ሰፈር ሰልፉ አላልቅ ብሎ ሰው እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ድምጽ ሲሰጥ አደረ፤ የሰፈሩ ነዋሪዎች ብርድ ልብስና ምግብ እያመጡ ለተሰላፊዎቹ አደሉ። ዶናልድ ቱስክ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ከሁለት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2024፣ የአውሮፓ ኮሚሽን እስከ 137 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርሰውን ገንዘብ ለመልቀቅ ወሰነ። የአባልነት ውሉ አንድ ቃል አልተለወጠበትም። የተለወጠው የምክር ቤቱ አብላጫ ነው።

ጠያቂው

ሌላ ጥያቄ አለኝ። የጆርጂያ መንግሥት ይህን ሁሉ ካደረገ አውሮፓ ምን አደረገች? የኢትዮጵያን ቪዛ ለማጥበቅ ብዙ አልዘገዩም፤ ለጆርጂያስ?

ሚዛን

ተገቢ ጥያቄ ነው። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በአውሮፓ የመቆያ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቹን በመመለስ ረገድ በበቂ አልተባበረም ብሎ በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጣለ። የመደበኛው ምላሽ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ያ ውሳኔ መንግሥትን ለመጫን ተብሎ ተራውን ተማሪ፣ ነጋዴና ዘመድ ጠያቂ ነው የመታው።

ጆርጂያ ላይ የተጀመረው በተቃራኒው ነው። ተራው ጆርጂያዊ ከማርች 2017 ጀምሮ ያለ ቪዛ ይገባል፤ ይህ አልተነካበትም። በጃንዋሪ 2025 የታገደው የዲፕሎማቲክና የሥራ ፓስፖርት የያዙ ባለሥልጣናት መብት ነው። ከዚያ በፊት ለመከላከያ የተመደበ 30 ሚሊዮን ዩሮ ታግዷል፤ በጁን 2024 መሪዎቹ የአባልነቱ ሂደት በተግባር እንደቆመ አስታውቀዋል። ሕዝቡን ሳይሆን ባለሥልጣኑን መንካት ትክክለኛው መንገድ ነው እላለሁ፤ ለእኛም እንዲሁ ቢደረግልን በወደድኩ።

ነገር ግን እርምጃው ትብሊሲን አልመለሰም። ከኖቬምበር 28 ቀን 2024 ማታ ጀምሮ ሰው ሩስታቬሊ ጎዳና ላይ በየምሽቱ ሲወጣ ቆይቷል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በውኃ መድፍና በአስለቃሽ ጋዝ ተበትነዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ታስረዋል። ባቱሚ ላይ የታሰረችው ጋዜጠኛ ምዚያ አማግሎቤሊ ሁለት ዓመት ተፈርዶባታል። የአውሮፓ ፓርላማ የ2025ን የሳካሮቭ ሽልማት ለእሷና ለቤላሩሱ ጋዜጠኛ ለአንድርዜይ ፖቾቡት ሰጥቷል። ሽልማቱ ከእስር አላስወጣትም።

አባይ ማዶ

ለጆርጂያ ገዢ ፓርቲ ድምጽ የሰጡትን ሰዎች ፍርሃት ግን ልንረዳ ይገባል። በምርጫው ሰሞን በየመንገዱ የተሰቀሉት ትልልቅ ፖስተሮች በአንድ በኩል የፈራረሱ የዩክሬን ከተሞችን በጥቁርና ነጭ፣ በሌላ በኩል ሰላማዊዋን ጆርጂያ በቀለም ያሳዩ ነበር። በ2008 የሩሲያ ታንክ ትብሊሲ አጠገብ ሲደርስ ያየ ሰው ያን ፖስተር እያየ ዝም ብሎ አያልፍም። አንድ አምስተኛ መሬታቸው ከእጃቸው ውጭ ነው። ጦርነትን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ «ሰላም ይሻለኛል» የሚልን መራጭ አልወቅስም። የምወቅሰው ያን ፍርሃት ይዞ ድርድሩን የዘጋውን መንግሥት ነው። ሞልዶቫ ከጦርነቱ ጋር ድንበር ትጋራለች፤ ድሮን በሰማይዋ ያልፋል፤ ድርድሩን ግን አልዘጋችም።

ሚዛን

በዚህ እስማማለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለጣና ዳር። አብላጫው ወንበር ወሳኝ ነው ብለሃል። ሞልዶቫ አብላጫውን አግኝታለች። ታዲያ ለምን የድርድሩ ምዕራፎች በ2025 አልተከፈቱም?

ጣና ዳር

የሌላ አገር ምክር ቤት ስላለ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ሲከፈትም ሲዘጋም 27ቱም አባል አገሮች መስማማት አለባቸው። ኅብረቱ ሞልዶቫንና ዩክሬንን አብሮ ሲያራምድ ቆይቷል፤ ድርድሩን በይፋ የከፈተላቸውም በአንድ ቀን፣ ጁን 25 ቀን 2024 ነው። በ2025 የሃንጋሪ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቪክቶር ኦርባን የዩክሬን የመጀመሪያ ክፍል እንዳይከፈት ስለያዙ ሞልዶቫም አብራ ስትጠብቅ ነበር። ሕጎቿ ከኅብረቱ ሕግ ጋር የሚመረመሩበት የመጀመሪያው ሥራ በሴፕቴምበር 2025 ተጠናቋል። በእሷ በኩል የቀረ ነገር ስላለ አይደለም የቆመችው። እኚሁ ኦርባን የጆርጂያ ምርጫ በተካሄደ በሁለተኛው ቀን ትብሊሲ ተገኝተው ለገዢው ፓርቲ ደስታቸውን የገለጹ ናቸው።

ሃንጋሪ የምክር ቤት ምርጫዋን የቀጠረችው ለኤፕሪል 2026 ነበር። የቡዳፔስት መራጭ ስለ ሐኪም ቤቱና ስለ ኑሮ ውድነቱ እያሰበ ካርዱን ይጥላል፤ የሞልዶቫ አባልነት ትዝ ላይለው ይችላል። ሆኖም የሰላማዊት ጎረቤት በቦሎኛ ተሰልፋ የሰጠችው ድምጽ የት ድረስ እንደሚሄድ በከፊል የሚወሰነው በእሱ ካርድ ነው።

በኪሺናው በኩል ሁለት ነገር እከታተላለሁ። አንደኛው የዳኞችና የዐቃብያነ ሕግ ማጣራት ነው፤ የባንክ ዘረፋው ተጠያቂዎች ፍርድ ቤት እንዳይደርሱ ያደረጉት ሰዎች ከቦታቸው ካልተነሱ ምንም ምዕራፍ አይዘጋም። ሁለተኛው ትራንስኒስትሪያ ነው። ሳንዱ አገራቸው እስከ 2030 አባል እንድትሆን እንደሚፈልጉ ተናግረዋል፤ ከኒስተር ወንዝ ማዶ ያለው ሕዝብ ጋዝ ከየት እንደሚያገኝና ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው እስካሁን መልስ አላገኘም። ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ በተለይ ጋሽ መሐንዲሱ ስለ ኩቹርጋን የወደፊት ዕጣ የሚሉን ካለ፣ እዚሁ ሥር ይጻፍልን።

ጡረተኛው መሐንዲስ

ኩቹርጋን አርጅቷል። ግንባታው በ1960ዎቹ ነው፤ በርካሽ ጋዝ ካልሆነ አያዋጣም። የአውሮፓ የጋዝ ዋጋ ከተከፈለበት መብራቱን የሚገዛው አይኖርም። እኔ ብሆን የማሞቂያ ጣቢያዎቹን አድሼ፣ ማመንጫውን ለመጠባበቂያ ብቻ አስቀር ነበር። የሚሠሩበት ሰዎች ጡረታና አዲስ ሥራ ያስፈልጋቸዋል፤ ኪሺናውና ብራሰልስ ስለ ትራንስኒስትሪያ ሲነጋገሩ መጀመሪያ ሊያነሱት የሚገባው እነሱን ነው። ዝርዝሩን ነገ እጽፋለሁ።